ባለጀልባው ቀብዱን መልሶልናል፤ ሌላ የምንጠይቀው አለ?

ጠያቂያችን ቻይና ሁለት ዓመት ተምረው ማስተርሳቸውን እንደጨረሱ፣ ባሕር ዳር የሚማረውን ታናሽ ወንድማቸውን ለማየት ሄዱ። መጀመሪያ ጢስ ዓባይን አብረው አዩ። ለማግስቱ ደግሞ በጣና ወደ ዘጌና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚወስዳቸው ጀልባ ወንድማቸው በ18,000 ብር ተስማማና 6,000 ብር በቴሌብር ላከ። ጠዋት በቀጠሮው ሰዓት ወደቡ ሲደርሱ ጀልባዋ ሌሎች ቱሪስቶች ጭና ሄዳለች። ባለጀልባው በስልክ «ሐይቁ ማዕበል ነበረው» አለ፤ ማታ 6,000 ብሩን መለሰ። «የላካችሁትን መልሻለሁ፤ ምንም የላችሁብኝም» ብሏል። ጠያቂያችን ሕጉ ከዚህ በላይ ይሰጣቸው እንደሆነ፣ የአውሮፕላን ትኬት ለማስቀየር የከፈሉትንስ ማስመለስ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ጠብቀው ያገኙት ቀን ወደቡ ላይ ቆሞ መቅረቱ ያሳዝናል። ሂሳቡ ግን አልተዘጋም። ባለጀልባው ገና 6,000 ብር ይቀርበታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በአንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሊተው ይችላል፤ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለውም ሊተው ይችላል፤ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። ተዋዋዮቹ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር ሕጉ ይህ ነው። እናንተ ቀርታችሁ ቢሆን ኖሮ ባለጀልባው 6,000 ብሩን ይዞ ይቀር ነበር፤ በእሱ በኩል ሲሆን ግን ሚዛኑ ሊቀየር አይገባም። የሚከፍለው 12,000 ብር ነው፣ ግማሹን ከፍሏል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ገንዘብ አስቀድሞ ስለተከፈለ ብቻ ቀብድ አይሆንም። ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ክፍያ ነው ከተባለ ውሉ ሲፈርስ የሚመለሰው ያው ገንዘብ ነው፤ እጥፍ የለውም። የብዙ ሰው ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የእናንተን ጉዳይ የሚያጠነክረው የላኩልኝ የቴሌግራም ምልልስ ነው። ባለጀልባው ራሱ «6,000 ቀብድ ላክልኝ፣ ጀልባዋን ለሌላ አልሰጥም» ብሎ ጽፏል። ወንድምዎም ገንዘቡን ሲልክ ምክንያቱን «የጀልባ ቀብድ» ብሎ ሞልቷል። በወረቀት የተፈረመ ውል ባይኖርም ለዚህ ዓይነቱ ስምምነት ሕጉ የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ ጽሑፉም ምስክርም ያስረዳል። ስልኩ እንዳይቀየር፣ ምልልሱም እንዳይጠፋ ለወንድምዎ አደራ ይበሉልኝ።

ማዕበሉን በተመለከተ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው አስቀድሞ ያልታሰበና ግዴታን ለመፈጸም ፈጽሞ የማያስችል ነገር ነው (አንቀጽ 1792)። ያቺው ጀልባ በዚያው ጠዋት ሌሎች ሰዎች ጭና ከወጣች ሐይቁ ለእናንተ ብቻ ሊናወጥ አይችልም። ስትወጣ ያዩ የወደቡ ሠራተኞችን ወንድምዎ ያነጋግራቸው፤ ከነገሩኝ ሁሉ ለፍርድ ቤት የሚከብደው ይህ ነው።

ወንድምዎ 6,000 ብሩን ዝም ብሎ መቀበሉ ቀሪውን ትቷል አያሰኝም። ባለጀልባው «ሁሉንም ጨርሰናል ብለህ ፈርምልኝ» ቢለው ግን እንዳይፈርም።

ስለ ትኬቱ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። በእኔ አረዳድ እጥፉ ሕጉ ራሱ የቆረጠው የመተው ዋጋ ስለሆነ ሌላ ካሳ በላዩ ላይ መጨመር ይከብዳል። ስለ ቅሬታዎም ቢሆን፣ የኅሊና ጉዳት ካሳ በሕግ በግልጽ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ የሚከፈል ነው።

ከሳሽ የሚሆነው ማን ነው? ገንዘቡ የእርስዎ ቢሆንም የተዋዋለው ወንድምዎ ነው፤ ውል ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ነው የሚጸናው። ስለዚህ ጥያቄው በእሱ ስም ይቅረብ። እሱ እዚያው ስለሚኖር፣ ውሉም የተደረገውና የሚፈጸመው ባሕር ዳር ስለሆነ ይህ ለእናንተ ይቀላል። እርስዎ ከአዲስ አበባ መመላለስ አይኖርብዎትም።

ነገር ግን ቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አትሂዱ። ለ6,000 ብር ቀጠሮ ሲመላለስ የወንድምዎ ትምህርት ይጎዳል። መጀመሪያ አጭር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጠው፦ የውሉን ቀን፣ የቀብዱን መጠን፣ አንቀጽ 1885ን እና «በ15 ቀን ውስጥ ቀሪውን 6,000 ብር ካልከፈልክ እከስሃለሁ» የሚለውን ብቻ ይጻፍ፤ ስድብ አይኑርበት። ባለጀልባው የጀልባ ማኅበር አባል ከሆነ አንድ ግልባጭ ለማኅበሩ ይሂድ፤ ከወደቡ እንጀራ የሚበላ ሰው በማኅበሩ ፊት ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም። እምቢ ካለ ወረዳ ፍርድ ቤት አለ። ይርጋውም (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት ስለሆነ ወንድምዎ ፈተናውን ጨርሶ ቢከስ አይዘገይም።

የመጨረሻው፣ ባይጠይቁኝም ልነግርዎ የሚገባ ነገር አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ጀልባዋ ብትመጣ ኖሮ ወንድምዎ እዚያ ያለውን የነገሥታት አጽም አይቶ እስኪመለስ እርስዎ ከጀልባዋ ሆነው ይጠብቁ ነበር፤ ባለጀልባው ይህን ሳይነግራችሁ መዋዋሉ ሌላ ጥፋት ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁለታችሁም አብራችሁ ትገባላችሁ። ለሚቀጥለው ጉዟችሁ ቀብድ ከመላኩ በፊት የሚወርዱባቸው ገዳማት በስም፣ የመነሻው ሰዓትም ጭምር በዚያው ቴሌግራም ላይ ይጻፉ።