የኮሌስትሮል ኪኒን ጀምሬ ጭኔን ይቆረጥመኛል፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 63። ከሽምብጥ ገበያ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። በቅርቡ ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን ባለ 40 ታዘዘልኝ። ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒን ከወሰድኩ ቆየሁ። አሁን ሁለቱንም ጭኖቼንና ባቶቼን ይቆረጥመኛል፤ ፔዳል መምታት አቅቶኛል። ጎረቤቴ «ተወውና ነጭ ሽንኩርት በማር ብላ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በገዛ እጅዎ አያቋርጡት። ችለውት ግን አይቀመጡ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሁለቱ ኪኒኖች ላይ ነው። አምሎዲፒን ሲምቫስታቲንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አብረው ሲወሰዱ ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመከራል። የእርስዎ እጥፍ ነው! ምናልባት የግፊቱን አንድ ቦታ፣ የኮሌስትሮሉን ሌላ ቦታ ይሆናል የታዘዘልዎ። መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ስቆም ይህ ብዙ ያጋጥመኛል።

ያለዎትን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። መጠኑን ሊቀንሱልዎ ወይም ወደ አቶርቫስታቲን ወይም ወደ ሮሱቫስታቲን ሊቀይሩልዎ ይችላሉ። ሲኬ የሚባል የጡንቻ የደም ምርመራ አለ፤ ይጠይቁ። የእንቅርት ሆርሞንም ቢታይ ጥሩ ነው። እሱ ሲያንስ ኮሌስትሮልም ይጨምራል፣ ጡንቻም ያማል።

ቁርጥማት ሁሉ የኪኒኑ ጥፋት አይደለም። በጥናት ላይ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን የተሰጣቸው ሰዎችም ያማቸዋል። ስታቲን የሚባሉት፣ እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች የሚያመጡት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እንደ እርስዎ በሁለቱም በኩል ነው። አንድ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር።

ሽንትዎ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም ከወንበር መነሳት ካቃተዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሲምቫስታቲኑን ሳይደግሙ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሌላም አለ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ሊያዝልዎ የተነሳ ሐኪም ካለ፣ ሲምቫስታቲን እንደሚወስዱ ቀድመው ይንገሩ። ሁለቱ አብረው አይወሰዱም።

ጾም ቢሆን አያስቡ፤ ሲምቫስታቲን ምግብ አይጠብቅም፣ ማታ መዋጡ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርቱ ለወጥ ይሁን። የጣና ዓሣም ቢሆን በዘይት ከተጠበሰው ወጡ ይሻልዎታል።

መድኃኒቱ ከተስተካከለ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ብስክሌቱን አይተዉት። እስኪሻልዎ ድረስ ግን ሜዳ ሜዳውን ይንዱ፤ የቤዛዊት ዳገት ይቆይዎት።