ስለ ጨረቃ ብርሃን ለጻፍሽልኝ ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የፈረንሳይኛ ተማሪ ነሽ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ፒያኖ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትጫወቻለሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በፈረንሳይ ግጥምና በክላሲካል ሙዚቃ ስላለው የጨረቃ ብርሃን ልትሠሪ አስበሻል። አባትሽ ግን «ጨረቃ እንጀራ ይሆናል ወይ?» አሉሽ። አንቺም ከፈረንሳይኛውና ከፒያኖው የቱን ልተው ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አንዱንም አትተዪ።

የአባትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው። የእንጀራ ጉዳይ ግን ያንን ግጥምና ዜማ የሠሩትንም ሰዎች አልማራቸውም። ገጣሚው ፖል ቨርሌን «ክሌር ደ ሉን» (የጨረቃ ብርሃን) ያለበትን መድብል በ1869 በፈረንጆች ሲያሳትም የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ጋብርኤል ፎሬ በ1887 ለግጥሙ ዜማ ሲደርስለት በማድሌን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነበር። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ክሎድ ደቡሲ ደግሞ በወጣትነቱ በአንዲት የድምፅ መምህርት ክፍል ዘፋኞችን በፒያኖ እያጀበ ይከፈለው ነበር። በ1882 ይህንኑ ግጥም በዜማ የሠራው እዚያ ለተዋወቃት ዘፋኝ ነው። ልጅ ሳለ ፒያኖ ያስተማረችው ሴትም የቨርሌን አማት ነበረች፤ ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ዓለም የሚያውቀው፣ ያለ ድምፅ በፒያኖ ብቻ የሚጫወቱት የደቡሲ «ክሌር ደ ሉን» የታተመው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1905 ነው።

የደቡሲን ሥራ ልብ በይው። አጃቢ ፒያኒስት። አንቺ የጻፍሽልኝ ሁለት ነገር የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው።

የፎሬን ኖታ ክፈቺና እይው። ፒያኖው ብቻውን ሚኒዌት (የድሮ የፈረንሳይ ዳንስ) ይጀምራል። ረዘም ላለ ጊዜ ይጫወታል። ዘፋኟ የምትገባው ሌሎች በያዙት ወሬ መሀል እንደሚገባ ሰው ነው። ፒያኖው አይጠብቃትም፣ ዳንሱን ይቀጥላል። ግጥሙ የሚያወራው ጭምብል አጥልቀው ስለሚደንሱ፣ ከጭምብሉ ሥር ግን ስላዘኑ ሰዎች ነው። ፎሬ ዳንሱን ለፒያኖው፣ ሐዘኑን ለድምፁ ሰጠው። ግጥሙን ያልተረዳ ፒያኒስት ይህን አይጫወተውም።

አሁን ደግሞ «ሉን» (ጨረቃ) የምትለዋን ቃል ውሰጂ። በንግግር አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) ናት። «ኦ ካልም ክሌር ደ ሉን ትሪስት ኤ ቦ» በሚለው ስንኝ ውስጥ ግን «ሉ-ነ» ተብላ ሁለት ትሆናለች። አለዚያ አሥሩ ቀለም አይሞላም። ዘፋኞች በብዛት የሚሳሳቱት እንዲህ ያለው ላይ ነው። ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያርም ሰው በኦፔራ ቤቶች በሙያው ይቀጠራል። የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪም የድምፅ አጃቢነትን ራሱን ችሎ ያስተምራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ብቻውን ደመወዝ አይሆንም፤ አልደብቅሽም። የወር ወጪሽን ፈረንሳይኛው ይሸፍንልሽ፣ በማስተማር ወይም በትርጉም። የአፍሪካ ኅብረት አጠገብሽ ነው፣ ፈረንሳይኛም አንዱ የሥራ ቋንቋው ነው። ከመመረቅሽ በፊት የዳልፍ ሴ 1 የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተናን ውሰጂ። ለአባትሽም የሚታይ ወረቀት ይሆናል።

ጽሑፍሽን አጥብቢው። ቤትሆቨንን አውጪው። የ1801ዱን የፒያኖ ሶናታ እሱ «የጨረቃ ብርሃን» አላለውም፤ ስሙ የተለጠፈበት ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ግጥም፣ ሁለት ደራሲ፦ የፎሬ ዜማና የደቡሲ ዜማ። ይበቃሻል።

ከዚያ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሂጂና ድምፅ የምታጠና ልጅ ፈልጊ። በሳምንት ሁለት ቀን ተለማመዱ። አንቺ ንባቡን አስጠኛት፣ እሷ ትንፋሽ የት እንደምትወስድ ታሳይሽ። በስልክም ቢሆን ቅረጹት፤ ለትምህርት ስታመለክቺ መጀመሪያ የምትልኪው እሱን ነው። በፎሬ ጀምሩ፣ ደቡሲ ይደርሳል።