ለዓሣም ለስኪም የሚሆን የቤተሰብ ጀልባ፦ ጥያቄና መልስ

እሺ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ። ጠዋት ዓሣ የሚጠመድበት፣ ከሰዓት ልጆች በስኪ፣ ማለትም ውሃ ላይ በሚያንሸራትት የእግር ጣውላ፣ የሚጎተቱበት አንድ ጀልባ ይገኛል ወይ ላላችሁኝ፣ ይገኛል። ግን ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ። ስንት ሰው ትጭናላችሁ? ውሃው ሰፊና ነፋሻ ነው ወይስ ጠባብና ጸጥ ያለ? ከዓሣውና ከስኪው የትኛው ይበልጥባችኋል? ይህን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ጀልባ የቱ ነው?

መልስ፦ ለማን? ስንት ሆናችሁ? የት ውሃ ላይ? ከላይ ያለውን አንብበህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ አምስት ነን፣ ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ዓሣው የእኔ ነው፣ ስኪው የልጆቹ። ምን ያህል ርዝመት፣ ስንት የፈረስ ጉልበት?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው፣ ተባረክ። ከ5.2 እስከ 6 ሜትር ያለውን ፈልግ። ከዚያ ካጠረ አምስት ሰው፣ የዓሣ ዘንግና ስኪ አብረው አይገቡም። ከዚያ ከረዘመ ደግሞ መጎተቱም ማስቀመጡም ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ሆዱን እይ። ከስር ያለው የቪ ቅርጽ በኋላ በኩል 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ማዕበሉን ቆርጦ ያልፋል፣ ጉዞው ይለሰልሳል። ግን ቆመህ መንጠቆ ስትጥል ጎንና ጎን ይዋልላል። ለመነሳትም ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ከኋላው የሚተወው ማዕበልም ለስኪ ትልቅ ነው። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ተቃራኒው ነው። ሲቆም የረጋ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ግን ወገብ ይሰብራል። ለእናንተ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ይሆናችኋል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ በዚህ ርዝመት 115 ዝቅተኛው ነው፣ 150 ካገኘህ ትገላገላለህ። ጀልባው ላይ የተለጠፈውን የአቅም ሰሌዳ አንብብ። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ እስከ ስንት ጉልበት እንደሚችል ተጽፎበታል። ስኪ ለሚጎትት ሰው ሞተሩ ሰሌዳው ከፈቀደው ጣሪያ ቢጠጋ ይሻላል። ከጣሪያው ማለፍ ግን የለም። የሰው ቁጥርም እንደዚሁ፣ «ልጅ ስለሆነ አይቆጠርም» የሚባል ነገር አልቀበልም።

ሰው ደግሞ ክብደትን ይረሳል። መቶ ሊትር ቤንዚን 74 ኪሎ ገደማ ነው። ዓሣው በሕይወት የሚቆይበት ገንዳ 80 ሊትር ከያዘ 80 ኪሎ ነው፣ አንድ ተጨማሪ አዋቂ ጫንክ ማለት ነው። ወደ ስኪው ስትዞር መጀመሪያ ገንዳውን አፍስስ።

ጥያቄ፦ 40 ጉልበት ያለው ትንሽ ጀልባ አለን። ስኪ ይጎትታል?

መልስ፦ ጀልባው ቀላል ከሆነ ልጅን በሁለት ስኪ ያነሳል። ከባድ አዋቂን በአንድ ስኪ ለማንሳት አትድከም። እና «ሰው ቀንሼ ብቻዬን እየነዳሁ ልጎትት» እንዳትል። ሹፌር አንድ፣ ወደ ኋላ እያየ የሚጠብቅ ሁለት፣ ውሃው ላይ ያለው ሦስት። ከዚህ በታች አይወረድም።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ 150 ጉልበት ነው። ብቻዬን ስሆን ይበራል። ቤተሰቡ ሲገባና ስኪ ስጎትት ግን አፍንጫውን ሰቅሎ ይንፏቀቃል። ትልቅ ሞተር ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ! ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ችግርህ ሞተሩ አይደለም፣ ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለሩ ነው።

ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፣ በአንድ ሙሉ ዙር በንድፈ ሐሳብ ስንት ኢንች ወደ ፊት እንደሚገፋ ይነግርሃል። ፒቹ ከፍ ያለ ከሆነ ከተነሳህ በኋላ ፍጥነት ታገኛለህ፣ መነሳቱ ግን ይከብዳል። ዝቅ ያለ ከሆነ ቶሎ ያነሳል፣ ጣሪያው ፍጥነት ይቀንሳል። ጀልባው ምናልባት ከባድ ፒች ተገጥሞለት ነው የተሸጠልህ፣ ባዶውን ሲሞከር ፈጣን እንዲመስል። ቤተሰብ ግን ባዶ ጀልባ አይነዳም።

እንዲህ አድርግ። ሰውም፣ ቤንዚንም፣ ዕቃም እንደ ልማዳችሁ ጫን። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ግፋና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚሄድ ተመልከት። የሞተሩ መመሪያ ክልሉን ይነግርሃል፣ ለምሳሌ ከ5000 እስከ 6000። አንተ 4600 ላይ ከቀረህ ሞተሩ ታፍኗል። ፒቹን በ1 ኢንች ስትቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከ21 ወደ 18 ወይም 17 ብትወርድ ክልሉ ውስጥ ትገባለህ፣ ልጆቹም አፍ ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይነሳሉ።

ሁለት ፕሮፔለር ያዝ፣ አንዱ ለስኪ ቀን፣ አንዱ ለዓሣ ቀን። ዝቅ ባለው ብቻህን ስትነዳ ግን ዙሩ ከክልሉ እንዳያልፍ ዓይንህን ከመቁጠሪያው አታንሳ።

ፕሮፔለሩን ስትፈታ ደግሞ ከኋላው ያለውን፣ ፕሮፔለሩ የሚገጠምበትን የሞተር ዘንግ በደንብ እይ። ዓሣ የምታጠምዱ ሁሉ ይህን ስሙኝ። የተቆረጠ የመንጠቆ ናይለን እዚያ ይጠመጠማል። ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ጎማ የሚመስል ቀለበት ይሠራል። ሲሞቅ ማሸጊያውን ይበላል፣ ውሃ ወደ ማርሽ ዘይቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማርሽ ቤት ጥገና ነው። በጣት ጥፍር ፈልጉት፣ ለዓይን አይታይም።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም ወይስ ፋይበርግላስ?

መልስ፦ ዳርቻው ድንጋይ ከሆነና ጀልባውን አሸዋ ላይ የምትጎትቱ ከሆነ አሉሚኒየም። ሰፊ ውሃ፣ ብዙ ስኪ ከሆነ ፋይበርግላስ።

ባለ አሉሚኒየሙ፦ ጋሼ አሳጠሩት። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ በትንሽ ሞተር ይነሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። እንጨት የሌለበትን ከመረጡ የሚበሰብስም የለ።

ባለ ፋይበሩ፦ ነፋስ ሲነሳ እንደ ቅጠል የሚወስደውስ? እና ድምፁ! አንድ የመንጠቆ ማስመጫ እርሳስ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ዓሣው ሁሉ ይበተናል።

ባለ አሉሚኒየሙ፦ ምንጣፍ ይነጠፋል። ድንጋይ ሲመታው የአንተ ይሰነጠቃል፣ የእኔ ይጎደጉዳል።

ባለ ፋይበሩ፦ ጨው ውሃ ውስጥ አስገባውና እናያለን።

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው፣ ጠያቂው ግን ስለ ውሃው ምንም አልነገረንም። ስለ ጨው ውሃ አንድ ነገር ብቻ፦ አሉሚኒየምን ከሌላ ብረት ጋር ካገናኛችሁት ጨው ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ በእሱ ፈንታ የሚበላ ቁራጭ ብረት ሞተሩም ላይ ጀልባውም ላይ ይታሰራል። ለጨው ውሃ የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም፣ ለጣፋጭ ውሃ የማግኒዥየም። ግማሹ ካለቀ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ያለው፣ ኢንቦርድ የሚባለው፣ ለስኪ ምርጥ ነው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ለስኪ አዎ፣ ማዕበሉ ዝቅ ያለና ንጹሕ ነው። ለዓሣ አይመችም፣ ሞተሩ መሃል ቦታ ይይዛል፣ ፕሮፔለሩም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከፍ አይልም። ለሁለቱም ከፈለግሽ ከኋላ የሚንጠለጠለውን አውትቦርድ ያዢ።

ጥያቄ፦ ልጄ ገመድ ለቀው ከጀልባው ኋላ በማዕበሉ ላይ የሚንሸራተቱትን አይታ እኔም ካልሞከርኩ አለች። በአውትቦርድ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እዚያ የሚንሸራተት ሰው ከጀልባው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። አውትቦርድ ፕሮፔለሩ ከኋላ ወጥቶ ነው ያለው፣ ስትወድቅ ወደ እሱ ነው። የሞተሩ ጭስም እዚያው ነው የሚከማቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይጥለዋል። እባክሽ ልጅሽን ከልክያት። ሰው ውሃ ውስጥ ከኋላ ካለ ሞተሩ ይጥፋ። ማርሽ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ ይጥፋ።

ጥያቄ፦ ገመዱን የት ልሰር? ከኋላ ጥግ ካሉት ማሰሪያዎች በአንዱ ላይ እያሰርኩ ነበር።

መልስ፦ ተው። ከአንድ ጥግ ሲጎተት ጀልባው ወደዚያ ይሳባል፣ ማሰሪያውም ለቆመ ጀልባ እንጂ ለስኪ አልተሠራም። መሃል ላይ የመጎተቻ ቀለበት ካለ እሱን፣ ከሌለ ከሁለቱ የኋላ ቀለበቶች ተነስቶ በሞተሩ በላይ የሚያልፍ ባለ ሁለት እግር ገመድ። የስኪ ገመድ 23 ሜትር ያህል ነው። ልጅ በሁለት ስኪ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ደግሞ ከፍ ባለው የብረት ማማ ላይ አትሰር፣ ማማው ለዚያ ሸክም አልተሠራም።

አንድ አባል፦ ሰፊ መስታወት ካለኝ ጠባቂ ሰው ለምን ያስፈልገኛል? ሁሌም ሁለት ሆነን ነው የምንወጣው።

ሌላ አባል፦ እኔም በመስታወት ነው።

መልስ፦ ይህን ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ደግሜ እጽፋለሁ። በመስታወት ስታይ ከፊትህ ያለውን አታይም። ከፊትህ ዋናተኛ፣ ግንድ፣ የዓሣ አጥማጅ መረብ ሊኖር ይችላል። ሹፌር ወደ ፊት፣ ጠባቂ ወደ ኋላ። የወደቀውን ለማንሳት ስትጠጋም ሞተሩ ይጥፋ። ሹፌሩ ከቦታው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው የማቆሚያ ገመድ የሹፌሩ እጅ ወይም ጃኬት ላይ ይታሰር። ይህ ላይ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ የትኛው ቀለም ሙቀት አይስብም? ዋጋስ ስንት አካባቢ ነው?

መልስ፦ ነጣ ያለ። ዋጋውን ሻጭ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፊት ላይ የሚገጠመው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ስንት ይሁን?

መልስ፦ ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ኪሎ ያህል ግፊት አስብ። የተጫነውን ክብደት ነው የምልህ፣ ባዶውን አይደለም። ከጀልባው ጋር የሚያያዝበት መያዣ ተነቃይ የሆነውን ግዛ፣ በስኪ ቀን ሞተሩን አውርደው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ። በብዙ የቆዩ የፋይበር ጀልባዎች ውስጡ እንጨት ነው፣ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ይበሰብሳል። ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ እግሩን ወደ ታች ተጫን። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጥለህ ሂድ። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለህ አንኳኳ፣ ጤነኛው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ወለሉን በባዶ እግር ርገጠው። የማርሽ ዘይቱን የታችኛውን ብሎን ፈትተህ ጥቂት አውጣ፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የናይለኑን ነገር አስታውስ። የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካ፣ በመካከላቸው ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ተጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ምርጥ የሚባለው ጀልባ የቱ ነው ጋሼ?

መልስ፦ ሁለተኛው ሰው ነህ። ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በባዶ እግር ነው የሚሮጡት። መንጠቆ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ትክክል ነሽ። ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ምንጣፍ አትቀበዪ። ሦስት ጫፍ ያለው መንጠቆ ጸጉሩ ውስጥ ይሰወራል፣ በእጅ ስትዳብሺ አታገኚውም። እንደ ልብስ ቁልፍ ተጭኖ የሚያያዝና የሚነቀል ምንጣፍ ይሁን። ዓሣው ሲያበቃ ጠቅልሎ ማራገፍ፣ ወለሉን ውሃ መልቀቅ፣ ከዚያ ልጆቹ ይግቡ። ዘንጎቹ የሚቆለፍ ረጅም ሳጥን ይኑራቸው፣ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10። ብዙ ጀልባ ላይ ሳጥኑ ያጥራል፣ ስለዚህ ዘንጋችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለኩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጀልባ ቀርቦልናል። አንዱ በሦስት ቱቦ ላይ የሚንሳፈፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ጀልባ፣ ፖንቱን የሚባለው፣ 150 ጉልበት። ሌላው ፊቱ ክፍት 5.5 ሜትር ፋይበር፣ 115። ስድስት ነን፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ ባለቤቴ ዓሣ ይወዳል፣ ልጆቹ ትንንሽ ናቸው።

መልስ፦ ስድስት ሰው፣ ትንንሽ ልጆች፣ ጸጥ ያለ ውሃ ከሆነ ወደ ፖንቱኑ አዘነብላለሁ። ባለሦስት ቱቦ በ150 ልጅ ያለ ችግር ያነሳል፣ ዓሣ ሲጠመድበትም አይዋልልም። ስለታም ዙር ግን አትጠብቁበት። በ115ቱ ስድስታችሁም ገብታችሁ ስኪ መጎተት ይከብደዋል፣ የአቅም ሰሌዳው ስድስት ሰው መፍቀዱንም እዩ። ሳትከፍሉ ሁለቱንም ውሃ ላይ አስሞክሩ። ስድስታችሁም ግቡ፣ ገንዳው ይሞላ፣ ቤንዚኑ ግማሽ ይሁን። ከቆመበት ተነስቶ አፍንጫውን እስኪያስተካክል ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ሻጩ «ሁለት ሰው ብቻ ይግባ» ካለ አትስሙት። ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የፕሮፔለሩንም ፒች ጨምረሽ።