ጓሯችን ክረምት ሲገባ ረግረግ ይሆናል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አቃቂ ነው። ከቤታችን ጀርባ ስድስት በአራት ሜትር የምትሆን ጓሮ አለችን። አምና ክረምት ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ ጤና አዳሙ ከሥሩ በሰበሰ፣ ድንቹም ቅጠሉ ጠቁሮ ጠፋ። ባለቤቴ ታክቶት «ሲሚንቶ እናልብሰውና እንገላገል» ይላል። የ11 ዓመቷ ልጄና የ7 ዓመቱ ወንድሟ ግን ከጓሮው አይጠፉም። ሰኔ ሳይገባ ምን ብናደርግ ይሻላል?

እናት፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ልጄ፣ ሲሚንቶውን ተዉት። የእናንተ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተደረበበትንም ሲሚንቶ ይዞ ይሰነጠቃል። ጎመንሽ ቢጫ የሆነው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ አየር ስላጣ ነው። ተክሉን ከውሃው በላይ ማውጣት አለባችሁ።

እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ነው። መሬቱ እንደ እናንተው ጥቁር ነው፤ እኛ መረሬ እንለዋለን። ክረምት ላይ ለስንዴው ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ይወጣና ከታረሰው መሬት አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብ ያወጣል። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን እንደ አካፋ አድርጋ አፈሩን ከቦዩ ወደ መደቡ ትስበዋለች፤ እኔና እህቴ ከኋላ ከኋላዋ የቀረውን እንጠርጋለን። ማታ ስንታጠብ ጥፍራችን ሥር የገባው ጥቁር አፈር በስንጥር ካልሆነ አይወጣም ነበር። ሄክታር ሙሉ ስንዴ ከውሃ ያተረፈ መደብ የእናንተን ጓሮ አያቅተውም።

ጊዜው ግን እንዳያልፋችሁ። ዋልካ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል፣ ውሃ ከጠገበ ከአካፋው አይላቀቅም። ግንቦት ላይ አንድ ሁለት ዝናብ ጥሎ፣ አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት ከተፈረካከሰ ያን ቅዳሜ ሁላችሁም ውጡ። እኔ አንድ ዓመት አዘግይቼ ሐምሌ ላይ ጭቃውን እየረገጥሁ ቆፈርሁ፤ ጥቅምት ላይ እንደ ጡብ ደርቆ ምንም አላበቀለልኝም።

መጀመሪያ ልጆቹ ጓሮው ራስ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱና የሄደበትን በእንጨት ምልክት ያድርጉ። ቦዩ የሚቀደደው በዚያው ነው። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አራቱ ሜትር ሦስት መደብ ይወጣዋል፣ ልጆቹም ሳይረግጡት እጃቸው እስከ መሀሉ ይደርሳል። ከቦዩ የወጣውን አፈር ከደረቀ ፍግ ጋር እያዋሃዳችሁ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት።

አሸንዳውንም እዩት። ሰው ዝናቡን ያማርራል እንጂ ጣሪያውን ቀና ብሎ አያይም። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ 1,200 ሊትር ይወርዳል። ያ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ከተደፋ መደቡም አያድናችሁም። 200 ሊትር በርሜል ወዲያው ይሞላልና ትርፉን በቱቦ ወደ ሰፈሩ ቦይ አውጡት፤ ጎረቤት ግቢ እንዳትለቁት አደራ።

ጤና አዳሙን ከታች በተበሳ አሮጌ ጀሪካን፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተክለሽ ዝናብ የማይመታው ደጃፍ አስቀምጪው። የድንቹ በሽታ ግን በእርጥብ አየር የሚዛመት ስለሆነ መደብ ብቻውን አይከላከለውም። አምና ከታመመው ለዘር ያስቀረሽው ካለ አትትከዪው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጣው ጉደኔ የሚባለው ዝርያ በተሻለ ይቋቋማልና ካገኘሽ እሱን ግዢ። የጠቆረ ቅጠል ባየሽ ቀን ቆርጠሽ ከጓሮው አውጪው።

ቦዩን ባለቤትሽ ይቅደድ፤ የዋልካ ቁፋሮ ጉልበት ይጠይቃል። ትልቋ ፍግ ታመላልስ። ለትንሹ ደግሞ ዝናብ ባባራ ቁጥር ቦዩን የዘጋውን ቅጠል ማንሳት የእሱ ሥራ ይሁን። እናቴ ለእኔ መጀመሪያ የሰጠችኝ ሥራ እሱ ነበር።