ስለ ሳም ሂውስተን ጠይቁ፤ ጋሽ ዳኜ ይመልሳሉ

ጋሽ ዳኜ፦ ዛሬ ስለ ሰውየው፣ ቴክሳስ ከሜክሲኮ ስትላቀቅ ጦሯን ስለመራው ፖለቲከኛ ነው እንጂ በስሙ ስለተጠራው ከተማ አይደለም። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያ ሚስቱን ኤሊዛ አለንን ለምን ተለያት ብላችሁ ግን አታድርቁኝ። በ1829 በተጋቡ በሦስት ወር ውስጥ ተለያዩ፣ እሱም የቴነሲ አገረ ገዥነቱን ለቀቀ። ሁለቱም ምክንያቱን በይፋ ሳይናገሩ ሞቱ። የቀረው ሐሜት ነው።

የሸዋ ልጅ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ሕግ የት ተማረ?

ጋሽ ዳኜ፦ ትምህርት ቤት አልገባም። በ1818 ናሽቪል ውስጥ ዳኛ ጄምስ ትሪምብል ቢሮ ተቀምጦ መጽሐፍ አነበበ። አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል የተባለውን በስድስት ወር ገደማ ጨርሶ ተፈተነና ፈቃድ አገኘ። ያኔ ጠረፍ ላይ ጠበቃ የሚኮነው እንዲህ ነበር። ሊባኖን በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሮ ከፈተ፣ ብዙም ሳይቆይ የናሽቪል ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1814 ከክሪክ ቀይ ሕንዶች ጋር በተደረገው የሆርስሹ ቤንድ ውጊያ፣ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆነው በአንድሩ ጃክሰን ሥር ሲዋጋ ክፉኛ ቆስሎ ነበር። በሮች የተከፈቱለት በጃክሰን ወዳጅነትም ጭምር ነው።

ቀበሌ 04፦ ከአላሞ እንዴት ተረፈ?

ጋሽ ዳኜ፦ አልነበረበትማ! መጋቢት 6 ቀን 1836 የቴክሳስ ተዋጊዎች ምሽግ አላሞ በሜክሲኮ ጦር እጅ ሲወድቅ እሱ ዋሽንግተን ኦን ዘ ብራዞስ ነበር፤ ከአራት ቀን በፊት ቴክሳስ ከሜክሲኮ ነጻነቷን ያወጀችበት ቦታ።

ማር እሸት፦ ስለ ሂውስተን ቢያብራሩልን?

ጋሽ ዳኜ፦ ምኑን? የሰባ ዓመት ሕይወት ነው። ቁረጪና ጠይቂኝ።

ማር እሸት፦ እሺ ጋሼ፣ አይቆጡ። የምክር ቤት አባል ደብድቦ ተከሰሰ የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ዳኜ፦ ይኸው ጥያቄ! እኔ ጥብቅና ላይ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ የምወደው ይህን ነው። በ1832 የኦሃዮው የኮንግረስ ተወካይ ዊልያም ስታንበሪ ለቀይ ሕንዶች ስንቅ በማቅረብ ውል ሂውስተንን በማጭበርበር ወነጀለው፤ ንግግሩም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሚያዝያ 13 ምሽት ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ላይ ተገናኙ። ሂውስተን በሂኮሪ ከዘራ ወረደበት። ስታንበሪ ሽጉጥ አውጥቶ ደረቱ ላይ ደገነና ሳበ፤ ከሸፈ።

አሁን ሕጉን ተመልከቱ። የምክር ቤት አባል ምክር ቤት ውስጥ በተናገረው ነገር ሌላ ቦታ አይጠየቅም። ሂውስተን ደግሞ ያኔ አባል አልነበረም፣ ተራ ዜጋ ነው። ታዲያ ምክር ቤቱ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ ሆኖ ተራ ሰው ይፍረድበት ወይ? ጠበቃው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ነበር፤ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው። ደንበኛዬ የተቆጣው ጋዜጣ ላይ በታተመው እንጂ በጉባኤው በተነገረው አይደለም ብሎ ተከራከረ። ብልህ መከላከያ ነው፣ አላዳነውም እንጂ። በ106 ለ89 ድምፅ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ከአፈ ጉባኤው ተግሣጽ ብቻ! ኋላ መደበኛው ፍርድ ቤት 500 ዶላር ቀጣው፣ ፕሬዚዳንቱ ጃክሰን ማረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቴክሳስ ገባ።

ዳላስ ነኝ፦ ወንድ ነበር! በ1861ም ቴክሳስ ከአሜሪካ ኅብረት ስትገነጠል ለኅብረቱ ብቻውን የቆመ ጀግና።

የሸዋ ልጅ፦ ባሮች ነበሩት እኮ። ሜክሲኮ በ1829 ባርነትን ስትከለክል የቴክሳስ ሕገ መንግሥት በ1836 አጸደቀው። ምኑ ነው ጀግንነቱ?

ዳላስ ነኝ፦ በዘመኑ ዳኘው። ከኛ አገርስ ባርያ ያላሳደረ መኳንንት ማን ነበር?

የሸዋ ልጅ፦ የኛን ማን አመሰገነ? ስለ እሱ ነው የምናወራው።

ቀበሌ 04፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ ሂውስተን ልመጣ ነው። ጥሩ ክትፎ የት አለ?

ጋሽ ዳኜ፦ ክትፎ እዚህ የለም። የሸዋ ልጅ፣ ልክ ነህ፤ ባለ ባሪያ ነበር፣ ባርነትንም አልተቃወመም። ዳላስ፣ አንተም አልተሳሳትክም። በ1854 ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዲገባ በር የሚከፍተው የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ሴኔት ሲቀርብ ከደቡብ ሴናተሮች የተቃወሙት እሱና የቴነሲው ጆን ቤል ናቸው። ባርነትን ለማጥፋት ሳይሆን፣ ባርነት ወደዚያ እንዳይገባ የከለከለው የቆየው ስምምነት ከፈረሰ አገሪቱ ትፈርሳለች ብሎ ነው። ሁለቱን ለዩ።

ማር እሸት፦ ሚስቱን ግን ለምን…

ጋሽ ዳኜ፦ ከላይ አንብቢ!

ቀበሌ 04፦ እግሩን የቆሰለው አላሞ ላይ ነው ያለኝ ሰው አለ።

ጋሽ ዳኜ፦ ወይ አምላኬ! አላሞ አልነበረም፣ አልነበረም። ቁርጭምጭሚቱን የተመታው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 21፣ የሜክሲኮን ጦር ባሸነፈበት በሳን ጃሲንቶ ውጊያ ላይ ነው። ውጊያው 18 ደቂቃ ፈጀ፣ የሜክሲኮው መሪ ሳንታ አና በማግሥቱ ተማረከ።

ዳላስ ነኝ፦ ጋሼ፣ የ1861ቱን ራስዎ ይንገሩን።

ጋሽ ዳኜ፦ በ1859 የቴክሳስ አገረ ገዥ ሆኖ ተመርጦ ነበር። የመገንጠሉ ጉባኤ ቴክሳስን ከኅብረቱ አወጣ፣ ሕዝቡም በየካቲት ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። መጋቢት 16 ለኮንፌዴሬሽኑ፣ ለተገንጣዮቹ የደቡብ ግዛቶች መንግሥት፣ ታማኝነትህን ማል ተባለ፤ አልማለም። ሥልጣኑ ተነጥቆ ለምክትሉ ለኤድዋርድ ክላርክ ተሰጠ። የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ሊንከን ጦር ልላክልህ ቢለው እምቢ አለ፤ ቴክሳስን በቴክሳስ ደም ሊያስመልስ አልፈለገም። ልጁ ሳም ግን ለኮንፌዴሬሽኑ ዘምቶ በሻይሎ ውጊያ ላይ ቆሰለ። አባትየው ሐምሌ 26 ቀን 1863 ሀንትስቪል ውስጥ ሞተ። የእርስ በርስ ጦርነቱን መጨረሻ አላየም።