ወፍራም ጃኬት እንዳትገዛ፦ ከሱሉልታ ሦስት ክረምት ከተመላለሰ ሰው

ወንድሜ፣ «ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በሳይክል ሥራ ልመላለስ ነው፣ ለክረምቱ የትኛውን ወፍራም ጃኬት ልግዛ?» ብለሃል። ምንም ወፍራም ነገር አትግዛ። እኔ በዚያው መንገድ ሦስት ክረምት ተመላልሻለሁ፤ የመጀመሪያውን ያበላሸብኝ ወፍራም ጃኬት ነው።

1. መንገዱን አስብ። ጠዋት መጀመሪያ ዳገት ነው፣ የእንጦጦን ጀርባ ካለፍክ በኋላ እስከ አዲሱ ገበያ ቁልቁለት። ዳገቱ ላይ ያልብሃል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይበርድሃል። እኔ 4,200 ብር አውጥቼ ውስጡ ስፖንጅ፣ ላዩ ላስቲክ የሆነ ጃኬት ገዛሁ። ሻጩ «ጠብታ አያስገባም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን ላብም አያስወጣም። ከሥሩ የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ሹራብ ደርቤያለሁ። ጫፍ ስደርስ ሹራቡ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። ጥጥ አንዴ ከራሰ ሙቀትህን ይወስዳል እንጂ አያሞቅህም። ቁልቁለቱን ሳላጋምስ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ፍሬን መያዝ አቃተኝ፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ እግሬን አስፋልት ላይ እየጎተትኩ ነው ያቆምኩት።

ያን ቀን ደግሞ ወር ሙሉ የጠበቅኩት ቀጠሮ ነበረኝ። የቢሮው ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ወለሉን ታበላሻለህ፣ ስትደርቅ ና» አለኝ። እየተንቀጠቀጥኩ 40 ደቂቃ በር ላይ ቆምኩ። ኃላፊዋ ወጣች፣ ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ተገፋ። በመኪና የመጣው ሰውዬ ግን በጭቃ ጫማው አጠገቤን አልፎ ገባ። እስካሁን ያናድደኛል።

2. ዳገቱን ቀለል ብለህ ውጣ። ከሥር ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ልበስ፤ ሱፍ ቢርስም ያሞቃል። እኔ የሱፍ ሹራቤን ከሰልቫጅ በ350 ብር ነው ያገኘሁት፣ ከዚያ ጃኬት ይበልጥብኛል። ስትነሳ ትንሽ ይብረድህ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ስስ የዝናብ ጃኬት ቦርሳህ ውስጥ ያዝ፤ ጫፍ ላይ ቁምና ሳትወርድ ልበሰው። ዝናቡ ዳገቱ ላይ ከያዘህ ለብሰህ ዚፑን ከፈት አድርገው። ስትገዛ ገልብጠህ ስፌቱን እይ፤ ከውስጥ ላስቲክ ካልተለጠፈበት ውሃ በስፌቱ ይገባል። ጀርባው ረዘም ይበል።

3. እጅና እግር። በሱፍ ጓንት ላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት እደርባለሁ። ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን ፍሬኔን እይዛለሁ። ካልሲ ላይ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ጂንስ በጭራሽ፤ ሲርስ ይከብድሃል፣ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ሳይክልህ ፓራፋንጎ ከሌለው ዛሬውኑ አስገጥም፣ የሐምሌ ጭቃ ከሰማዩ ይልቅ ከጎማህ ነው የሚመጣብህ።

ደረቅ ካናቴራና ካልሲ በፌስታል ጠቅልለህ ያዝ፣ እንደደረስክ ቀይር። ጉም ስላለ የኋላ መብራትም አትርሳ። ሰኞ የምትጀምር ከሆነ ጻፍልኝ፤ እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምወጣው፣ የመጀመሪያውን ቀን አብረን እንውረድ።