ጥያቄና መልስ፦ ሞላ ያለው ፎርኬላ የፊት ፖርቶመጋላ ይሸከማል?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዝቻለሁ። ከፊት ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) ገጥሜ 10 ኪሎ ገደማ ዕቃ ልጭንበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ባለሞላው ፎርኬላ (የፊቱን ጎማ በሁለት እግር የሚይዘው ሹካ) ላይ የብሎን ቀዳዳ የለም። ብየዳ ቤት «በስተን እንገጥምልሃለን» አሉኝ። ላስበሳው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አያስበሱት። የፎርኬላው የታችኛው እግር ውስጡ ሞላና ዘንግ የሚመላለስበት ስስ ቱቦ ነው። ሲበሳ ስንጥቁ ከቀዳዳው ጠርዝ ይጀምርና በየጉድጓዱ ይሰፋል። ብየዳውም መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ቱቦውን ያጣምመዋል፣ ያደክመዋልም።

በቀዳዳ ፈንታ እግሩን ዙሪያውን የሚያቅፍ የብረት ማሰሪያ ይጠቀሙ፤ በየእግሩ ሁለት፣ በድምሩ አራት። መጀመሪያ የእግሩን ውፍረት ይለኩ፤ የሰፋ ማሰሪያ የቱንም ያህል ቢጠብቅ መንሸራተቱ አይቀርም። ከሥሩ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ አንድ ዙር ያልብሱት። ብሎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ዳዶው ናይለን ያለው። የብሎኑን ራስ ወደ ጎማው፣ ጫፉን ወደ ውጭ ያድርጉት፤ ትርፍ ጫፍ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ሽቦዎች ይመታል።

ብዙው ጥፋት የሚመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው። የፖርቶመጋላውን ታች እግሩ ላይ፣ ላዩን ደግሞ ከመሪው ሥር ባለው የፎርኬላ ራስ ላይ የሚያስር አለ። ሞላው ሲጨመቅ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ መሃል የተያዘው ብረት ወይ ይጎብጣል ወይ ብሎኑን ይቆርጣል። ስለዚህ አራቱም ማሰሪያ የሚንቀሳቀሰው የታችኛው እግር ላይ ይሁን። ከጎማው በላይ ከሚቀመጠውም በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ የሚታሰረውን ይምረጡ፤ 5 ኪሎ በዚህ፣ 5 ኪሎ በዚያ። ክብደቱ አንድ ወገን ካደላ መሪው ይጎትትዎታል።

ዕቃ ሳይጭኑ የፊቱን ፍሬን ይዘው በሙሉ ክብደትዎ መሪውን ወደ ታች ይጫኑት። ብረቱ የፍሬኑን ሽቦም ሆነ የፎርኬላውን ራስ መንካት የለበትም። መሪውንም እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፣ በተለይ የላይኞቹን፤ እነሱ ከላሉ ፖርቶመጋላው ጎማው ላይ ይወድቅና ጎማው በአንዴ ይቆማል፤ እርስዎም በመሪው ላይ ተሻግረው ይወረወራሉ።

ዕቃው ከሞላው በታች ስለሚታሰር፣ ሞላው ለእጅዎ እንጂ ለዕቃው እንደማይሠራም ይወቁት። ኮብልስቶን ላይ እንቁላል አይጫንበትም።

ጥያቄ፦ ፊኒክስ ሳይክሌ ላይ የፊት ቅርጫት ካስገጠምኩ ወዲህ ጎማው ተንጋዷል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የቅርጫቱ እግር በፎርኬላውና በጎማው መሃል ገብቶ ይሆናል። ዳዶዎቹን በ14 ወይም በ15 ቁልፍ ፈተው ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ፦ መጀመሪያ ፎርኬላው፣ ቀጥሎ የቅርጫቱ እግር፣ ከዚያ ሮንዴላ፣ መጨረሻ ዳዶ። ጎማው መሃል መሆኑን እያዩ ሁለቱን ጎን በየተራ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። የዘንጉ ጥርስ ከዳዶው አልፎ ካልታየ የቅርጫቱ እግር ወፍሯል ማለት ነው፤ ስስ እግር ያለው ቅርጫት ይፈልጉ።